ማሲንቆ ቤት ውስጥ ያምርልኛል፣ ሰው ፊት ግን ይደርቅብኛል ላሉት ጠያቂ

ሁለት ዓመት ማሲንቆ እንደተማሩ፣ በየቀኑ ሁለት ሰዓት ያህል ትዝታን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እየደጋገሙ እንደሚለማመዱ፣ ሰው ፊት ሲቀመጡ ግን ጣትዎ እየታሰረ ዜማው ስሜት አልባ እንደሚሆንብዎ ጽፈዋል። እኔ ማሲንቆ ከያዝኩ 16 ዓመት ሆኖኛል፤ ይህ ችግር ብዙ ጊዜ ስላስጨነቀኝ ከደረሰብኝ ተነሥቼ ልመልስልዎ።

የሰዓት ማነስ አይመስለኝም። ዜማን ሙሉውን መደጋገም የሚቀናንን ቦታ ይበልጥ ያቀናልናል፤ የሚያስቸግረውን ግን እንደ ነገሩ አልፈነው እንድንሄድ ያስለምደናል። ማሲንቆ ደግሞ ይህን አይሸሽግም። እንደ ጊታር ጣት የሚያርፍበት የተከፋፈለ አንገት ስለሌለው፣ ጣታችንም ክሩን ከእንጨቱ ሳያጣብቅ በአየር ላይ ስለሚነካው፣ ድምፁ ቦታውን ማግኘቱን የሚነግረን ጆሯችን ብቻ ነው። ስንፈራ እጃችን ይኮማተራል፤ ያን ጊዜ ትንሿ ጣት መዘርጋት ያለባትን ያህል ሳትዘረጋ ትቀርና ድምፁ ዝቅ ብሎ ይወጣል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሠርግ ላይ ስጫወት የደረሰብኝ ይኸው ነበር፤ ከሁለተኛው ስንኝ ጀምሮ ላይኛው ድምፅ በመጣ ቁጥር እየወረደብኝ፣ እኔም እሱን ለማቃናት ስል ግጥሙን ረሳሁት።

መምህሬ ይህን ስነግራቸው ማሲንቆውን ከእጄ ተቀብለው ግድግዳው ላይ ሰቀሉትና ስንኙን በአፌ እንዳዜም አዘዙኝ። ሦስት ቀን ሙሉ ክር ሳልነካ አንድ ስንኝ ብቻ አዜምኩ፤ ቃሉ የት እንደሚረግጥ፣ ድምፄ የት እንደሚንቀጠቀጥ፣ ትንፋሼ የት እንደሚያልቅ ለየሁ። በአራተኛው ቀን ማሲንቆውን ስይዝ ደጋኑ ትንፋሼን ተከትሎ ሄደ። ቅላጼ የሚባለው ነገር ጣት ላይ ከመድረሱ በፊት ጉሮሮ ላይ መኖር እንዳለበት የገባኝ ያን ጊዜ ነው። የሚጫወቱት ክራር ቢሆንም የድምፃውያኑን የካሣ ተሰማንና የአስናቀች ወርቁን ቅጂዎች ደጋግመው ያድምጡ፤ ድምፅና መሣሪያ እንዴት እንደሚመላለሱ ከእነሱ የተሻለ አስተማሪ አላውቅም።

ስለዚህ ከሁለቱ ሰዓት የመጀመሪያውን ለአንድ ስንኝ፣ ከቻሉም ለአንድ አስቸጋሪ ሐረግ ይስጡት፤ በአፍ ያዚሙት፣ ከዚያ በጣም ቀስ ብለው ይጫወቱት፣ ትንሿ ጣት ስትዘረጋ እጅዎ መላላቱን ይመልከቱ። ቅኝቶቹን፣ ማለትም ዜማ የሚመሠረትባቸውን የድምፅ አደራደሮች፣ በአንድ ቀን አያደባልቁ። በትዝታ ሜጀር ከመነሻው ድምፅ እስከ ሁለተኛው ያለው ርቀት ሙሉ ድምፅ ሲሆን በአምባሰል ግን ግማሽ ድምፅ ብቻ ስለሆነ፣ ሌባ ጣት አንዱን ሳይጨብጥ ወደ ሌላው ከሄደ ሁለቱንም ያበላሻል።

ሰው ፊት መጫወት ራሱን የቻለ ልምምድ ይፈልጋል፤ እኔ ይህን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። በሳምንት አንድ ቀን ቤተሰብዎን ወይም ጎረቤት ይጥሩ። አስቀድመው እጅዎን ሳያፍታቱ፣ እነሱ እያዩ ማሲንቆውን ቃኝተው አንድ ጊዜ ብቻ ይጫወቱ። ቢሳሳቱ አይቁሙ፣ ወደ ኋላም አይመለሱ፤ መቆምን የለመደ እጅ መድረክ ላይም ይቆማል። በስልክዎ ይቅረጹትና በማግሥቱ ያድምጡት፤ በዚያው ሰዓት ካደመጡት የሚሰሙት ድንጋጤዎን ነው።

መቃኘትን ሰው ፊት ይለማመዱ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። የማሲንቆው ቆዳም ሆነ የፈረስ ጭራ የሆነው ክሩ እርጥበትና ሙቀት ይሰማዋል፤ ቤት የተቃኘው ሰው በሞላበት አዳራሽ ይላላል። ግማሽ ሰዓት ቀድመው ደርሰው ከማደሪያው ያውጡት፣ የአዳራሹን አየር ይልመድ፤ ከዚያ ተረጋግተው ይቃኙት፣ የመጀመሪያውንም ስንኝ ለራስዎ በለሆሳስ አዚመው ደጋኑን ያንሡ።