የቀዳሽው ፋይል በሌላ ማሽን ይከፈታል ወይ?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ማታ ሥራ ስለምታመሺ ተከታታይ ድራማዎችሽ እንደሚያመልጡሽ፣ የምታዪውም በዲሽ የሚመጡ ነጻ ቻናሎችን እንደሆነ ገልጸሽ «በፍላሽ የሚቀዳ ሪሲቨር ልግዛ፣ ቴሌቪዥኑ ራሱ ይቀዳልና እሱ ይበቃኛል፣ ወይስ በኮምፒውተር ልሥራው?» ብለሻል። እናትሽም በዚያው ሰዓት ሌላ ቻናል እንደሚያዩ ጨምረሻል። ከቪዲዮ ካሴት ዘመን ጀምሮ ስቀዳ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ሦስቱንም መንገድ ሞክሬዋለሁ።

አስቀድሜ የደረሰብኝን ልንገርሽ፤ ምክሬ የሚነሣው ከዚያ ነውና። በውስጡ ሃርድ ዲስክ ያለው የክፍያ ቻናል ሪሲቨር ነበረኝ። ምስሉ ጥሩ፣ አጠቃቀሙም ቀላል ነበር። አባቴ በሕይወት ሳለ በአንድ የቴሌቪዥን ውይይት ላይ ተጋብዞ ተናግሮ ነበር፤ ያንን ዝግጅት እዚያው ቀድቼ አስቀመጥኩት። ከዓመታት በኋላ ሪሲቨሩ ተቃጠለ። ዲስኩ አልተጎዳምና አውጥቼ ኮምፒውተር ላይ ሰካሁት። ፋይሎቹ ተደርድረው ይታያሉ፤ አንዳቸውም ግን አይከፈቱም። ያንኑ ሞዴል ሪሲቨር ፈልጌ አስገባሁበት፤ እሱም እምቢ አለ። እንዲህ ያለው መሣሪያ የሚቀዳውን ሁሉ በምስጢር ቁልፍ ቆልፎ እንደሚያስቀምጥ፣ ቁልፉም ከዚያው ከተቃጠለው ማሽን ጋር የተሳሰረ እንደሆነ የተረዳሁት ያኔ ነው። የአባቴ ድምፅ እዚያ ዲስክ ውስጥ አለ፤ ልሰማው ግን አልችልም። ዲስኩን እስካሁን አልጣልኩትም።

ስለዚህ ሻጩን ከዋጋው በፊት «በዚህ የቀዳሁት በኮምፒውተር ይከፈታል?» ብለሽ ጠይቂ። መልሱንም በቃል ብቻ አትቀበዪ። ባዶ ፍላሽ ይዘሽ ሂጂ፣ ሁለት ደቂቃ አስቀጂበት፣ ከዚያ ሌላ ማሽን ላይ ክፈቺው። ነጻ ቻናሎችን የሚቀዱ ብዙ ሪሲቨሮች ፋይሉን ቲ ኤስ በሚባለው ዓይነት ሳይቆልፉ ያስቀምጡታል፤ ይህን ደግሞ ቪ ኤል ሲ የተባለው ነጻ ማጫወቻ ያለ ምንም ችግር ይከፍተዋል። ፈተናውን ያላለፈ ሪሲቨር የቱንም ያህል ቢያምር ተዪው።

ቴሌቪዥኑ ራሱ መቅዳት መቻሉ ያጓጓል፤ ተጨማሪ ወጪ የለውም። ነገር ግን አብዛኞቹ ቴሌቪዥኖች ዲስኩን ከመጠቀማቸው በፊት በውስጡ ያለውን ሁሉ ያጠፋሉ፣ የቀዱትንም ለራሳቸው ብቻ እንዲከፈት አድርገው ይቆልፉታል። ቴሌቪዥኑ ሲበላሽ ወይም ሲቀየር የቀዳሽው አብሮ ይሄዳል። ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላም ነገር አለ፦ ቴሌቪዥኑ የሚቀዳው የዲሹ ወይም የአንቴናው ሽቦ በቀጥታ እሱ ላይ ሲሰካ ነው። ቻናሎቹ ከሌላ ሪሲቨር በኤች ዲ ኤም አይ ገመድ የሚመጡ ከሆነ የመቅጃው ቁልፍ ምንም አይሠራልሽም።

አሁን ወደ እናትሽ ጉዳይ ልምጣ፤ ሰው ሁሉ ገዝቶ የሚጸጸተው እዚህ ላይ ነው። ቻናል የሚይዘው የሪሲቨሩ ክፍል ቲዩነር ይባላል። አንድ ቲዩነር ብቻ ያለው ሪሲቨር እየቀዳ ሳለ እናትሽ ቻናል ሊቀይሩ ሲሞክሩ ወይ ይከለክላቸዋል፣ ወይ ቅጂውን ያቋርጠዋል። «ባለ ሁለት ቲዩነር እገዛለሁ» ትዪ ይሆናል፤ ትክክል ነሽ፣ ግን ያ ብቻውን አይበቃም። የሳተላይት ቻናሎች በአራት ምድብ ተከፍለው ነው የሚመጡት፦ ቋሚና አግድም ሞገድ አለ፣ እያንዳንዳቸው ደግሞ ዝቅተኛና ከፍተኛ ክልል አላቸው። ሪሲቨሩ ቋሚውን ሲፈልግ 13 ቮልት፣ አግድሙን ሲፈልግ 18 ቮልት ወደ ኤል ኤን ቢ፣ ማለትም ከዲሹ ፊት ወደተገጠመው ሞገድ መቀበያ ይልካል፤ ከፍተኛውን ክልል ሲፈልግ ደግሞ 22 ኪሎ ኸርዝ ምልክት ይጨምርበታል። በተለመደው አገጣጠም አንድ ሽቦ በአንድ ጊዜ ከአራቱ አንዱን ምድብ ብቻ ነው የሚያወርደው። እናም ሁለት ቲዩነር ኖሮሽ ሽቦው አንድ ከሆነ፣ አንቺ የምትቀጂውና እናትሽ የሚያዩት ቻናል በአንድ ምድብ ካልተገናኙ አንዱ ይጨልማል። መፍትሔው ባለ ሁለት መውጫ ኤል ኤን ቢ አስገብቶ ሁለት ሽቦ ማውረድ ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ «ሪሲቨሩ ተበላሽቷል» ብዬ ወደ ሻጩ ሁለት ጊዜ ተመላልሻለሁ።

የሚያስፈልግሽን ቦታ ራስሽ ማስላት ትችያለሽ። በሴኮንድ 8 ሜጋ ቢት የሚልክ ጥሩ የኤች ዲ ቻናል በሰዓት 3.6 ጊጋ ባይት ይወስዳል። በ3 ሜጋ ቢት የሚላክ ተራ ቻናል ደግሞ 1.35 ገደማ። እንግዲህ 32 ጊጋ ባይት ፍላሽ ስምንት ሰዓት የሚያህል ኤች ዲ ነው የሚይዝልሽ፤ ብዙ ድራማ የምትከታተዪ ከሆነ የአንድ ሳምንቱን እንኳ አያነሣም። 1 ቴራ ባይት ሃርድ ዲስክ ግን ከ270 ሰዓት በላይ ይይዛል። ፋት 32 በተባለው የፋይል አደረጃጀት (ፎርማት) የተዘጋጀ ፍላሽ ወይም ዲስክ አንድን ፋይል ከ4 ጊጋ ባይት በላይ አያስቀምጥም፤ የኤች ዲ ቅጂሽ ከአንድ ሰዓት ትንሽ እንዳለፈ ወይ ይቆረጣል፣ ወይ ለሁለት ይከፈላል። የድራማው መጨረሻ የጠፋብሽ ዕለት በመጀመሪያ የምትጠረጥሪው ይህንን ነው። ሪሲቨሩ የሚቀበል ከሆነ ዲስኩን በኤን ቲ ኤፍ ኤስ ወይም በኤክስ ፋት አዘጋጂው።

ፍላሽ ለሙከራ ይሁንሽ እንጂ ለዘወትር አልመክርሽም። በተለይ ቀጥታ ሥርጭትን ቆም አድርጎ የሚያስቀጥለው አገልግሎት ክፍት ከሆነ መሣሪያው ሌት ተቀን ይጽፍበታል፤ ፍላሽ ደግሞ የሚጻፍበት መጠን ውሱን ነው። ሃርድ ዲስክ ስትመርጪ የራሱ የኤሌክትሪክ መሰኪያ ያለውን ያዢ። የብዙ ሪሲቨሮች ዩ ኤስ ቢ 2.0 መሰኪያ የሚሰጠው 500 ሚሊ አምፔር ነው፤ አንዳንድ ዲስክ መዞር ሲጀምር ከዚያ በላይ ይጠይቃል። ጠቅ ጠቅ እያለ የሚጠፋ ዲስክ ብዙውን ጊዜ የተራበ እንጂ የተበላሸ አይደለም።

ኮምፒውተሩን በተመለከተ፣ ለመማር ትዕግሥት ካለሽ ከሁሉም የበለጠ ነጻነት የሚሰጥሽ እሱ ነው። ቲዩነር ትሰኪበታለሽ፣ ቲቪ ኤች ኢ ኤንድ የተባለውን ነጻ ፕሮግራም ትጭኛለሽ፣ ፋይሉም ከመጀመሪያው ያንቺ ነው። ነገር ግን ማሽኑ በቀረጻው ሰዓት ክፍት መሆን አለበት፤ እናትሽም በሪሞት ብቻ ሊጠቀሙበት ከፈለጉ ብዙ ማስተካከል ይጠይቅሻል። አንቺ ከሥራ ደክመሽ ለምትገቢ ሰው አልመርጥልሽም። በኢንተርኔት የሚቀዱልሽን አገልግሎቶችም አልመክርም፤ ዩቱብ ቲቪ የተባለውን የአሜሪካ የክፍያ አገልግሎት ብንወስድ የተቀዳውን የሚያቆየው 9 ወር ብቻ ነው።

እንግዲህ እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን ፋይሉን የማይቆልፍ ባለ ሁለት ቲዩነር ሪሲቨር፣ ከእሱም ጋር የራሱ መሰኪያ ያለው 1 ቴራ ባይት ዲስክ እገዛ ነበር። ሰዓት ስትሞዪም ከዝግጅቱ አምስት ደቂቃ ቀድመሽ አስጀምሪ፣ አሥር ደቂቃም አሳልፊ፤ ሥርጭት ሁልጊዜ በሰዓቱ አይጀምርም። ሥራ ስትሄጂ በሪሞት አጥፊው እንጂ ከማከፋፈያው አትንቀዪው፤ ኤሌክትሪክ የሌለው ሪሲቨር ነቅቶ ሊቀዳ አይችልም። ለዘላለም የምትፈልጊውን ቅጂ ግን በዚያው ሳምንት ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጪው፤ ነገ አትበዪ።

ከመግዛትሽ በፊት ከሪሲቨርሽ ጀርባ ተመልከቺና ከዲሹ የሚወርደው ሽቦ አንድ ይሁን ሁለት ጻፊልኝ። የምትቀጂውንና እናትሽ የሚያዩትን ቻናልም ጥቀሺልኝ፤ በአንድ ምድብ መሆን አለመሆናቸውን አይቼ ሁለተኛ ሽቦ ያስፈልግሽ እንደሆነ እነግርሻለሁ።