ዱባሽ ያብባል እንጂ አይዝም ላልሽው

ሰላም እህቴ። «ዱባዬ አበባ በአበባ ሆኗል፣ ግን ሁሉም ይረግፋል፤ ምን ልርጭበት?» ብለሻል። ብዙ ሰው የመድኃኒት ስም ጽፎልሻል። እኔ ግን እባክሽ ምንም አትርጪ ነው የምለው። ጓሮዬ ዱባ ጠፍቶበት አያውቅም፤ በየዓመቱም መጀመሪያ የሚረግፉት ወንዴዎቹ ናቸው።

ዱባ አንዱ ሐረግ ላይ ወንዴም ሴቴም አበባ ያወጣል። ወንዴዎቹ ቀድመው ይመጣሉ፣ በቁጥርም ይበዛሉ። አንድ ጠዋት አብበው ይረግፋሉ፤ በሽታ አይደለም። ሴቴዋ ዘግየት ብላ ነው የምትመጣው። ለመለየት ከአበባው ሥር እዪ። ወንዴው ረጅም፣ ቀጭን ዘንግ ላይ ይቆማል። ሴቴዋ አጠር ያለች ናት፤ ገና ሳትፈካ ከሥሯ ትንሽዬ ዱባ ይዛለች።

ያቺ ትንሽ ዱባም ቢጫ ሆና ከወደቀች ችግሩ ሌላ ነው፤ ንብ አልደረሰላትም። የዱባ አበባ ዱቄት ከባድና የሚጣበቅ ስለሆነ ነፋስ አይወስደውም። አበባው ደግሞ ሲነጋ ፈክቶ ረፋዱ ላይ ይከደናል። ክረምት ላይ ጠዋቱን ሲዘንብ ንብ ከቀፎዋ አትወጣም። ጎረቤት ጎመኑ ላይ ጠዋት ጠዋት መድኃኒት ከረጨማ አለቀ።

እኔ ንብ ስትጠፋ እጄን ነው የምጠቀመው። ማታ እየዞርኩ ጫፋቸው ቢጫ መሆን የጀመረ እምቡጦችን አያለሁ፤ በማግስቱ የሚፈኩት እነሱ ናቸው። ጠዋት 1 ሰዓት ገደማ አንድ ወንዴ ቆርጬ ቅጠሎቹን እልጣለሁ። መሀሉ ላይ ቢጫ ዱቄት የለበሰ ጣት መሳይ ነገር ይቀራል። ሴቴዋ ውስጥ ያለውን የሚያጣብቅ እብጠት በዚያ ዙሪያውን ቀስ አድርጌ አሻለሁ። በቃ። ከያዘች በሳምንት ውስጥ ስትወፍር ታያታለሽ።

ግን አትሰስቺ፤ ሁለት ሦስት ወንዴ ተጠቀሚ። አንድ ፍሬ እንዲሞላ አንድ ቅንጣት ዱቄት እስከ ታች ዘልቆ ሊደርስለት ይገባል። ዱባ ውስጥ ደግሞ ስንት ፍሬ እንዳለ ታውቂያለሽ። ዱቄት ያነሰው ዱባ ጎኑ ይጎብጣል። እንዲህ ያለውን ስትቆርጪ በቀጨጨው በኩል ያሉት ፍሬዎች ጠፍጣፋ ናቸው፣ ውስጣቸው ባዶ።

ዩሪያ ጨምሪ ያሉሽን አትስሚያቸው። ቅጠሉን ነው የሚያወፍረው።

ሳትተክዪው አጥር ሥር ስለበቀለው ፓፓያ ደግሞ፣ ልንቀለው ወይ ላልሽው፣ ቆይ። ወፍ ዘራሽ ነው። ወፍ ሥጋውን ብላ ፍሬውን የትም ትጥለዋለች፤ ተክሉም ያን ጣፋጭ ነገር የሚያዘጋጀው እንዲሁ ለደግነት አይደለም። የፓፓያ ፍሬ የለበሰችው የምታሟልጭ ሽፋን ቶሎ እንዳይበቅል ትይዘዋለች። ስለዚህ አንቺም ከገዛሽው ፓፓያ ልትተክዪ ስትፈልጊ ሽፋኗን አሽተሽ እጠቢ። ችግሩ ፓፓያ ወንድ ዛፍም አለው፤ ሳያብብ አይታወቅም። አበባው በረጅም ዘንግ ተንጠልጥሎ ከወረደ ወንድ ነው፣ ያኔ ቁረጪው። ግንዱ ላይ ተጠግቶ ካበበ ግን ተዪው። እኔ አንድ ጉድጓድ ላይ ሦስት ችግኝ ተክዬ ሲያብቡ አንዱን ብቻ አስቀራለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ከዚህ ዱባ ዘር ልታስቀሪ ካሰብሽና አጠገቡ ዙኩኒ ካለ ተጠንቀቂ። የአንድ ዝርያ ከሆኑ ንብ ታዳቅላቸዋለች። የዘንድሮው ዱባ ጣዕሙ አይለወጥም፤ የሚለወጠው ከዘሩ የሚበቅለው ነው። ለዘር የምትፈልጊያትን ሴቴ ማታ ሳትፈካ ጫፏን በክር እሰሪያት፣ ጠዋት ፈተሽ በእጅሽ አዳቅያት፣ መልሰሽ እሰሪያት። ወንዴውንም ማታውኑ ማሰር አትርሺ፤ ንብ ቀድማ የሌላ ዱቄት ልታመጣበት ትችላለች።

የአበባውን ፎቶ ከጎን በኩል አንስተሽ ለጥፊልን፣ ወንዴ ይሁን ሴቴ አይተን እንነግርሻለን።