ድንጋዮቹን የሚገፋቸው ማን ነው?

«በአሜሪካ በረሃ ማንም ሳይነካቸው የሚሄዱ ድንጋዮች አሉ የሚባለው እውነት ነው?» ብለው ለጠየቁት፦ አዎ፣ እውነት ነው። እኔ ግን ከወሬው ይልቅ መልሱ ይበልጥ ያስደንቀኛል።

ቦታው በካሊፎርኒያ፣ በዴዝ ቫሊ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ያለው ሬስትራክ ፕላያ የተባለ የደረቀ የሐይቅ ወለል ነው። ለጥ ባለው ጭቃ ላይ ድንጋዮች ረዣዥም ፈለግ ትተው ይታያሉ። አንዳንዱ ፈለግ ቀጥ ብሎ ይሄድና ድንገት ይታጠፋል። ለብዙ ዓመታት አንዳንዱ ኃይለኛ ነፋስ ነው ሲል ሌላው ማግኔት ነው ይል ነበር፤ ሲንቀሳቀሱ በዓይኑ ያየ ግን አልነበረም።

በ2011 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች ጂፒኤስ የተገጠመላቸው ድንጋዮች በወለሉ ላይ አስቀመጡ። በታኅሣሥ 2013 እ.ኤ.አ. እዚያው ቆመው እያዩ ድንጋዮቹ ተንቀሳቀሱ! ነገሩ እንዲህ ነው፦ አንዳንዴ በቀዝቃዛው ወራት ጥልቀት የሌለው ውሃ ወለሉን ይሸፍናል፤ ሌሊት ከላይ ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው በረዶ ይሠራል። ረፋድ ላይ ፀሐይ ስታሞቀው በረዶው በሰፋፊ ገበታዎች ይሰነጠቃል፤ ቀላል ነፋስም ገበታዎቹን ሲገፋ እነርሱ ደግሞ ድንጋዮቹን ከፊታቸው እየገፉ ይወስዷቸዋል። ፍጥነታቸው በደቂቃ ከ2 እስከ 5 ሜትር ብቻ ስለሆነ ከሩቅ የሚያይ ሰው ላያስተውለው ይችላል። ውሃው ሲደርቅ ፈለጉ ብቻ ይቀራል።

የመሄድ ዕድል ካገኙ ወለሉ እርጥብ ሳለ እባክዎ አይርገጡት፤ የእግር ዱካ ለዓመታት ሳይጠፋ ይቆያል።