ስለ ቫይታሚን ጠይቁኝ

ሰላም የጅማ ልጆች! ፋርማሲስት ነኝ። «ጉልበት የሚሰጥ ቫይታሚን አለ?» የሚለኝ ሰው ብዙ ስለሆነ ዛሬ ለጥያቄያችሁ ጊዜ ሰጥቻለሁ። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ቫይታሚን መኖሩ እንዴት ታወቀ?

መልስ፦ ሌላ ነገር ሲፈለግ! ክርስቲያን አይክማን የተባለ የሆላንድ ሐኪም ጃቫ ደሴት ላይ ቤሪቤሪ የሚባለውን፣ ነርቭ ጎድቶ እግር የሚያዝል በሽታ ያመጣል የተባለውን ጀርም ያስስ ነበር። ዶሮዎቹ የተፈተገ ነጭ ሩዝ ሲበሉ እግራቸው ዛለ፤ ስስ ልባሱ ያልተገፈፈ ሩዝ ሲያገኙ ዳኑ። እሱ ግን ነጩ ሩዝ መርዝ አለው ብሎ አሰበ። እሱን የተካው ኸሪት ኽሬይንስ በ1901 ነገሩን ገለበጠው፦ በሽታው የመጣው ሩዙ ውስጥ ካለው ሳይሆን ከሩዙ ከጎደለው ነው አለ። ለእኔ ትልቁ ለውጥ ይሄ ነው። በዚያ ጊዜ ጀርም ገና መታወቁ ስለነበር ሁሉም የሚያየው ወራሪን ብቻ ነበር። «ቫይታሚን» የሚለው ስም የመጣው በ1912 ነው፤ ያወጣው ካዚሚር ፈንክ ነው።

ጥያቄ፦ ከኢ ቀጥሎ ለምን ኬ ይመጣል?

መልስ፦ በመሃል የነበሩት ተሰርዘዋል ወይም ወደ ቢ ተዛውረዋል። ጂ ይባል የነበረው የዛሬው ቢ2 ነው። አሁን የሚታወቁት 13 ናቸው።

ጥያቄ፦ ቡናችንስ ቫይታሚን አለው?

መልስ፦ አለው፣ ደስ ይበላችሁ! ጥሬው ውስጥ ትሪጎኔሊን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ሲቆላ ከፊሉ ናያሲን፣ ማለትም ቢ3 ይሆናል። ጠቆር ብሎ ሲቆላ ደግሞ ይበዛል። ግን ከምግብ ጋር አትጠጡት፤ ሰውነት አይረን በደንብ እንዳይወስድ ያደርጋል።

ጥያቄ፦ ትርፉ በሽንት ይወጣል ይላሉ። ታዲያ ብዙ ብወስድ ምን አለበት?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ኤ እና ዲ በስብ ስለሚሟሙ ሰውነት ውስጥ ይጠራቀማሉ፤ ሲበዙ ይመርዛሉ። ፊንላንድ ውስጥ ሲጋራ ለሚያጨሱ ወንዶች ቤታ ካሮቲን በኪኒን ተሰጠ። ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚቀይረው፣ ካሮት ውስጥ ያለው ነው። የሳንባ ካንሰር ይቀንሳል ተብሎ ነበር። በ1994 ውጤቱ ሲወጣ ካንሰሩ ጨምሮ ተገኘ። ካሮቱን ግን ያለ ስጋት ብላ።

ጥያቄ፦ ለማርገዝ እያሰብኩ ነው። ፎሊክ አሲድ (ቫይታሚን ቢ9) ከስንተኛው ወር ልጀምር?

መልስ፦ እህቴ፣ ከማርገዝሽ በፊት! የልጁ አከርካሪና አንጎል የሚሠሩበት ቱቦ የሚዘጋው ከጽንስ በኋላ በመጀመሪያዎቹ 4 ሳምንታት ነው፤ ብዙ ሴት ማርገዟን እንኳ ሳታውቅ። በ1991 የወጣ ጥናት ላይ፣ ቀድሞ ይህ ቱቦ በደንብ ያልተዘጋበት ልጅ አጋጥሟቸው የነበሩ እናቶች ፎሊክ አሲድ ሲወስዱ አደጋው በ72 በመቶ ቀነሰ። የተለመደው መጠን በቀን 400 ማይክሮግራም ነው። እንዲህ ያለ ልጅ አጋጥሞሽ ከነበረ ግን መጠኑ በጣም ስለሚበልጥ አስቀድመሽ ሐኪም አማክሪ።