ፀረ ታንክ ሚሳይል ለምን ይከብዳል? ከድሬዎች ጋር ጥያቄና መልስ

የዛሬው ርዕሳችን በሰው ትከሻ የሚጓዙ ተመሪ ፀረ ታንክ ሚሳይሎች ክብደት ነው። አንድ አደራ አለኝ። ኪሎ ስትጠይቁ «ሚሳይሉ ብቻ ወይስ ከነማስወንጨፊያው?» የሚለውን ለዩልኝ።

ከከዚራ፦ ጋሼ፣ የአሜሪካው ጃቨሊን ሚሳይል ስንት ኪሎ ነው?

አሁን ምን አልኩ? ከነማነጣጠሪያው 22 ኪሎ አካባቢ ነው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ሞልተህ በድሬ ፀሐይ ተሸከመው፤ ይገባሃል። ከዚያ ውስጥ ከ6 ኪሎ በላይ የሚሆነው ማነጣጠሪያው ነው። እሱ ከተኩስ በኋላ አይጣልም።

ከሳቢያን፦ ታንክ መብሳቱን ሳይተው ለምን አያቀሉትም?

ይሄ ነው ጥያቄ! ሚሳይሉ ታንክ የሚበሳው በፍጥነቱ አይደለም። ጭንቅላቱ ውስጥ ብዙ ጊዜ በመዳብ የተለበጠ ሾጣጣ ጎድጓዳ አለ። ፈንጂው ሲፈነዳ መዳቡን ጨምቆ እንደ ቀጭን ዘንግ ያስወነጭፈዋል። ዘንጉ ምን ያህል ጠልቆ እንደሚገባ በአብዛኛው የሚወስነው የሾጣጣው አፍ ስፋት ነው። ስለዚህ ወፍራም ብረት ለመብሳት ወፍራም ሚሳይል ያስፈልጋል። የጃቨሊን ውፍረት 127 ሚሊ ሜትር ነው፣ ቶው የሚባለው የሌላው የአሜሪካ ሚሳይል 152። ልዩነቱ 25 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ግን ርዝመቱም ወርዱም በዚያው ልክ ቢያድግ ክብደቱ ወደ 1.7 እጥፍ ይወጣል። በዚያ ላይ የመዳቡን ዘንግ የሚያከሽፍ ፈንጂ ከላዩ የለበሰ ታንክ መጣ። እሱን ለማለፍ ከፊት ሌላ ትንሽ ጭንቅላት ተጨመረ። ያም ኪሎ ነው።

ማምለጫው ብረቱ ከሚሳሳበት ከታንኩ አናት ላይ መውረድ ነው። ጃቨሊን የመረጠው ይህን ነው። ለዚህ ግን አፍንጫው ላይ ሙቀት የሚያይ ዓይን ተገጠመለት። ዓይኑም ይከብዳል፣ ዋጋውም ይንራል።

ከለገሃሬ፦ የሩሲያው ኮርኔት ሚሳይል ይሻላል ወይስ ጃቨሊን?

ለምን ሥራ? ጥያቄህን አስተካክለህ ተመለስ።

ከመጋላ፦ አቦ፣ ምን ኮርኔት! በ1969 ዓ.ም ነሐሴ ድሬ ደጃፍ የደረሰውን የሶማሊያ ታንክ ያስቆመው አየር ኃይላችን ነው።

ከገንደ ቆሬ፦ እግረኛውና ታንከኛውስ? የኔ አባት እዚያው ነበሩ!

ሁለቱም ነበሩ፣ ሁለቱም ክብር ይገባቸዋል። ለብቻው እናወራዋለን፤ አሁን ወደ ሚሳይሉ።

ከአዲስ ከተማ፦ በሽቦ የሚመራው ለምን ቀረ?

መቼ ቀረ? ሽቦ ክብደት የሚቆጥብ ብልሃት ነበር። ዓይኑም አእምሮውም መሬት ላይ፣ ከተኳሹ ጋር ይቀራል፤ ትእዛዙ ሚሳይሉ ከኋላው እየፈታ በሚሄደው ሽቦ ይደርሰዋል። ሚሳይሉ የሚሸከመው ጭንቅላቱን፣ ሞተሩንና የሽቦ ጥቅሉን ነው። የሶቪየቱ ማሊዩትካ በዚህ መንገድ ሚሳይሉ ብቻ 11 ኪሎ ገደማ ነበር። በ1973 እ.ኤ.አ. የግብፅ እግረኞች በሻንጣ ተሸክመው ሲናን ገቡበት። ዕዳው ግን ተኳሹ ላይ ወደቀ። 3 ኪሎ ሜትር ለመድረስ 25 ሴኮንድ ያህል ይፈጃል። እስኪመታ ድረስ እየተተኮሰበት እጁ ሳይንቀጠቀጥ በእጀታ መምራት አለበት። ከሚሳይሉ የቀነስከውን ሸክም ሰውዬው ላይ ጫንከው ማለት ነው።

ከደቻቱ፦ ቶውስ ስንት ኪሎ ነው?

ሚሳይሉ ብቻ ወይስ ከነማስወንጨፊያው? ስንቴ ልበል? ሚሳይሉ 20 ኪሎ አካባቢ ነው። ከነባለ ሦስት እግሩ ሲሆን ግን አንድ ሰው የሚሸከመው አይደለም፤ ስለዚህ በብዛት መኪና ላይ ይጠመዳል።

ከግሪክ ካምፕ፦ ጋራዥ ውስጥ መሥራት ይቻላል?

አልመልስም። ቀጥል።

ከሳቢያን፦ ጃቨሊን ከቤት ውስጥ ይተኮሳል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ትንሽ ሞተር መጀመሪያ ገፋ አድርጎ ያወጣዋል። ዋናው የሚነሳው ከተኳሹ ከራቀ በኋላ ነው፤ ስለዚህ ከኋላው የሚወጣው ኃይለኛ እሳት ተኳሹ ጋ አይደርስም። ሁለት ሞተር ስለሆነ ኪሎ ይጨምራል። እኔ ግን ያንን ኪሎ በደስታ እሸከመዋለሁ። ወታደር ሳለሁ የከባድ መሣሪያ ጥይት ተሸክሜ ዳገት ወጥቻለሁ፤ የኋላ እሳት የጎዳውን ጓደኛም ተሸክሜ ወርጃለሁ።