ብረት ይታጠፋል፣ አሞሌ ይፈረካከሳል፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ስለ ሜታሊክ ቦንድ (የሜታል ማለትም የብረታ ብረት አተሞችን አንድ ላይ ስለሚይዘው ትስስር) ከጻፍኩ በኋላ ጥያቄው በዝቶብኛል፣ የተደጋገሙትን መርጫለሁ። ያላነበባችሁ በአጭሩ፦ የሜታል አተሞች የውጭ ኤሌክትሮናቸውን ለጋራ ይለቁታል፣ ኤሌክትሮን ለቀው ፖዘቲቭ የሆኑት አተሞች (አዮኖች) ተደርድረው ሲቀመጡ ኤሌክትሮኖቹ መሀላቸው እንደልብ ይዞራሉ፣ አንድ ላይ የያዛቸውም ይሄ ነው። በቃ።

ጥያቄ፦ ፍራንኮ ጋ ብየዳ ቤት ነው የምሰራው። ሽቦ ወዲያ ወዲህ ሳጥፈው መጀመሪያ እሺ ይላል፣ ከዛ ይደርቅና ይሰበራል። ለምን?

መልስ፦ ወንድሜ ይቺን ወድጃታለሁ። አሞሌ በመዶሻ ብትመታው ይፈረካከሳል አይደል፣ ጨው ውስጥ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ አዮን ተፈራርቀው ስለተደረደሩ አንዱ ረድፍ ሸርተት ሲል ተመሳሳዮቹ ፊት ለፊት ይገጥሙና ይገፋፋሉ። ሜታል ላይ ግን ረድፉ ቢንሸራተትም ኤሌክትሮኖቹ መሀል ስላሉ ቦንዱ አይለቅም፣ ስለዚህ ይታጠፋል። ረድፉ ደሞ ሙሉውን አንዴ አይሄድም፣ ዲስሎኬሽን በሚባሉ የአደራደር ጉድለቶች በኩል ቀስ በቀስ ነው፣ እና ደጋግመህ ስታጥፈው ጉድለቶቹ ይበዙና ይጠላለፋሉ፣ አንዱ ያንዱን መንገድ ይዘጋል፣ ሽቦው ይደርቃል፣ ከዛ ስንጥቅ ይጀምራል። ሳይሰነጠቅ በፊት አግለህ ቀስ ብሎ እንዲቀዘቅዝ ብትተወው አተሞቹ እንደገና ይስተካከሉና ይለሰልስልሃል። ቀጥቃጮቻችን ኤሌክትሮን የሚባል ስም ሳይሰሙ ሲሰሩበት የኖሩት ነው።

ጥያቄ፦ ቫለንስ (የውጭ) ኤሌክትሮን ሲጨምር ቦንዱ ይጠነክራል ተብለናል። ታዲያ ማግኒዥየም በ650፣ አልሙኒየም በ660 ዲግሪ ለምን ቀለጡ? የ9ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ።

መልስ፦ ጎበዝ! ባለ አንድ ቫለንስ ኤሌክትሮኑ ሶዲየም በ98 ሲቀልጥ ባለ ሁለቱ ማግኒዥየም 650 ሲገባ ህጉ የሰራ ይመስላል፣ ባለ ሦስቱ አልሙኒየም ላይ ግን ያፍራል። ችግሩ መለኪያው ላይ ነው። ሜታል ሲቀልጥ ቦንዱ አልተበጠሰም፣ አደራደሩ ነው የፈረሰው፣ ፈሳሹም ያው ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። አተሞቹ ጨርሰው የሚለያዩት ሲፈላ ነው፣ እዛ ላይ እይው፦ ሶዲየም 883፣ ማግኒዥየም 1,090 ገደማ፣ አልሙኒየም ከ2,400 በላይ። ልዩነቱ ታየሽ? ፈተና ላይ የሚቀልጥበትን ብቻ እያነሱ ህጉን የሚያሸመድዱ ሰዎች ያናድዱኛል።

ጥያቄ፦ በአዳማ ፀሐይ የብረቱ በር እጅ ያቃጥላል፣ እንጨቱ ግን እዛው ፀሐይ ላይ ሆኖ አያቃጥልም። ብረቱ የበለጠ ይሞቃል ማለት ነው?

መልስ፦ የግድ አይደለም እናቴ፣ ሙቀታቸው እኩል ቢሆን እንኳ ብረቱ ነው የሚያቃጥልዎት። ነፃ ኤሌክትሮኖቹ ሙቀቱን ከውስጥ እየሳቡ ቶሎ ቶሎ ወደ እጅዎ ያመጡታል፣ እንጨት ግን የነካነው ቦታ ትንሽ ሙቀት ይሰጥና ያበቃል። ጠዋት በብርድ ደሞ ያው ብረት የእጅዎን ሙቀት ወስዶ ይቀዘቅዝብዎታል።

ጥያቄ፦ አልሙኒየም ሽቦ ለቤት አይሆንም ይሉናል፣ ታዲያ ትልልቆቹ የመብራት መስመሮች ለምን አልሙኒየም ሆኑ?

መልስ፦ ውፍረቱ እኩል ከሆነ አልሙኒየም የመዳብን 60 በመቶ ገደማ ነው የሚያስተላልፈው። ክብደቱ ግን ሲሶ አይሞላም፣ ስለዚህ ምሰሶ ላይ ለሚንጠለጠል መስመር ወፈር አድርጎ መስራቱ ያዋጣል። ቤት ውስጥ ጣጣው መገጣጠሚያው ላይ ነው፦ አልሙኒየም አየር ሲነካው ወዲያው ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ይለብሳል፣ ብሎኑም ሙቀትና ቅዝቃዜ ሲፈራረቅበት ይላላል፣ ከዛ ይግላል። ቤትህ ካለ ሶኬቱ ሲሞቅ ዝም አትበል፣ ኤሌክትሪሺያን ጥራ።