መልስ፦ የፊት እግሩ ከጉልበት በታች የተሰበረ ፈረስ ቀዶ ሕክምና ያዋጣዋል?

ቆዳው ካልተቀደደና አጥንቱ ካልደቀቀ ያዋጣል። ስንጥቁ ከታችኛው መገጣጠሚያ ተነስቶ ወደ ላይ የሄደ ብቻ ከሆነ በብሎን ይታሰራል። እንዲህ ታክመው ወደ ውድድር የተመለሱ ፈረሶች አሉ። አጥንቱ ቆዳውን በስቶ ከወጣ ግን ተስፋው በጣም ይቀንሳል።

ራጅ እስኪነሳ ድረስ፦

1. እግሩን በወፍራም ጥጥና ፋሻ ጠቅልል። ከሰኮናው እስከ ክርኑ የሚደርስ ጠንካራ እንጨት ከኋላና ከውጭ ጎኑ እሰርበት።
2. ስትጭነው ፊቱን ወደ መኪናው ኋላ አዙረው። ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ደህናዎቹ የኋላ እግሮች ላይ ያርፋል።
3. ሳይታሰር ሕመሙን ጭራሽ የሚያጠፋ መድኃኒት አይሰጠው። ካላመመው ይረግጥበታል።

ከልምዴ አንድ ነገር ልጨምር። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሁሉም ሰው የሚያየው የታሰረውን እግር ነው፤ እኔ ጠዋት መጀመሪያ የምዳስሰው ደህናውን ነው። ሸክሙ ሁሉ እሱ ላይ ስለሆነ ሰኮናው ውስጡ ይቆጣል። አሜሪካዊው የውድድር ፈረስ ባርባሮ እ.ኤ.አ. በ2006 የኋላ ቀኝ እግሩ ተሰብሮ በብረትና በብሎኖች ተጠግኖለት ነበር። በኋላ የግራው ሰኮና ታመመ፤ በ2007 መጀመሪያ እንዲሞት ተደረገ። ሰኮናው ሞቆ ካገኘኸው ቀጠሮ አትጠብቅ፤ ያኔውኑ ለሐኪሙ ደውል።